ቆሞ ጠላቂ

ይህን ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር። ሕማማት ሊገባ ሲል፣ ቨርጂኒያ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ይዤያቸው ገንዘብ ማባከኔን፣ ወዳጆቼን ማታለሌን፣ ባልሠራሁት መመጻደቄን ዘረገፍኩላቸው። «ምን ገጥሞህ ነው?» ሲሉኝ «ውሃ ውስጥ አግድም መሆን አቅቶኝ ነው፤ እግሬ ወደ ታች ይወርድብኛል» አልኳቸው። አባ ትክ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ውሃ ውስጥ መቆም ኃጢአት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉና ለውሸቱ ብቻ ስግደት ሰጥተው አሰናበቱኝ። የቀረውን እዚህ እናዘዛለሁ።

ስኩባ ጠላቂ ነኝ። ካርዱ እንደዚያ ይላል። ፓዲ በሚባለው የጠላቂዎች ሥልጠና ድርጅት ሥርዓት የመጀመሪያውን ካርድ ለማግኘት ከመዋኛ ገንዳው ልምምድ በኋላ ሐይቅ ወይም ባሕር ላይ 4 ጊዜ መጥለቅ ይጠበቅብሃል፤ ከዚያ እስከ 18 ሜትር ትወርዳለህ። 5 ጊዜ ጨምረህ ስትጠልቅ «አድቫንስድ» ትባልና 30 ሜትር ይፈቀድልሃል። ካርዱ ሰውን በሰላም ለማስጀመር እንጂ ሊቅ ለማድረግ እንዳልተዘጋጀ አሰልጣኞቼ አልደበቁኝም። «አድቫንስድ» የሚለውን ቃል ይዤ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት፣ ሠርግ ቤት አጠገቤ የተቀመጠውን ሁሉ ስለ ጥልቀት ሳስተምር ያመሸሁት እኔው ነኝ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ወሬውን ስትሰማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ውሃ ውስጥ ምን ወድቆብህ ነው?»

ሁለቱንም ካርድ ያገኘሁት ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ደሴት ላይ ነው። ኮዙሜል ለእኔ ዓይነቱ የተሠራ ቦታ ነው። በደሴቲቱ ጎን የሚያልፈው የባሕር ጅረት ጠላቂውን አንሥቶ ከኮራሉ ጎን ለጎን ይወስደዋል፤ ጀልባዋ ከላይ ተከትላ መውጫው ላይ ትቀበለዋለች። ብትጋደም ትሄዳለህ፤ ብትቆም ትሄዳለህ፤ ዓይንህን ብትጨፍንም ትሄዳለህ። እኔ የምዋኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዘመን በቀሩት ፎቶዎች ሁሉ ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነው የምታየው። ግርማ ሞገስ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ጉዴ የታየው ጅረት የሌለበት ውሃ ውስጥ ስገባ ነው። እኛ አካባቢ ያለ ጠላቂ ቅዳሜና እሑድ የሚሰበሰበው ድሮ ድንጋይ ሲወጣባቸው የነበሩ፣ ኋላ ውሃ የሞላቸው ጉድጓዶች ውስጥ ነው፤ ኳሪ ይሏቸዋል። በአንዱ ውስጥ አሮጌ አውቶቡስ አስምጠውበታል፤ ወለሉ ደለል ነው። እዚያ ሦስት ሰዎች አየሁ። ከደለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብለው፣ በሆዳቸው ተጋድመው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ቆመዋል፤ ማለቴ ተኝተዋል። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የላቸውም። ከዚያ አንዱ ወደ ኋላ ሄደ። ሳይዞር፣ እጁን ሳያወዛውዝ፣ በእግሩ ፊን ብቻ ውሃውን እየሳበ ወደ ኋላ ሄደ። ጠጋ ብዬ ልይ ብዬ ስመጣ የቀሰቀስኩት ደለል ሦስቱንም ዋጣቸው። ውሃው ሲጠራ እነሱ በነበሩበት ቦታ ናቸው። እኔ አውቶቡሱ ጣራ ላይ ተቀምጫለሁ።

ላይ ስንወጣ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አልተቆጡም፤ ያ ነው ያናደደኝ። የሠሩት ልምምድ ከአንድ ኮርስ የተገኘ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ስሙ ፈንዳሜንታልስ ነው። የሚሰጠው ግሎባል አንደርወተር ኤክስፕሎረርስ፣ በአጭሩ ጂዩኢ፣ ጃሮድ ጃብሎንስኪ እ.ኤ.አ. በ1998 ፍሎሪዳ ውስጥ የመሠረተው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የእነዚህ ሰዎች መነሻ የውሃ ውስጥ ዋሻ ነው። ጃብሎንስኪና ኬሲ ማኪንሌይ እ.ኤ.አ. በ2007 ተርነር ሲንክ በሚባለው ጉድጓድ ገብተው፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች ተጉዘው፣ በዋኩላ ምንጭ ወጥተዋል። ዋሻ ውስጥ ደለል የቀሰቀሰ ሰው መውጫውን አያይም። ስለዚህ እግርን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ልብ ሳይራገጡ መሄድ ለእነሱ ውበት አይደለም፤ ወደ ቤት የመመለስ ጉዳይ ነው። አየር ለጓደኛ የሚሰጡበት ቱቦም 2.1 ሜትር የሚረዝመው በጠባብ መተላለፊያ ሁለት ሰው ተከታትሎ እንዲወጣ ነው።

የፈንዳሜንታልስ ጉዱ ግን ምንም አዲስ ቦታ አለመውሰዱ ነው። ጥልቅ አትገባም፤ መርከብ አታይም። ጥቂት ሜትሮች ላይ ትሆንና ሬጉሌተርህን ከአፍህ አውጥተህ ትመልሳለህ፣ ጭንብልህን አውልቀህ ታጠልቃለህ፣ አየር ለጨረሰ ጓደኛ ረጅሙን ቱቦ ትሰጣለህ፤ ይህን ሁሉ ሳትወርድ፣ ሳትወጣ፣ ሳትገለበጥ። እኔ በ30 ሜትር ስፎክር የኖርኩ ሰው፣ የሚከብደው 5 ሜትሩ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ልበል? ነግረውኛል፤ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ከውሃው ገጽ እስከ 10 ሜትር ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው 10 ሜትር ግን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚጨምርበት። ስለዚህ በልብስህና በጀርባህ ፊኛ ውስጥ ያለው አየር በጣም የሚያብጠውና የሚጨማደደው ከላይ ነው። ትንፋሽም አለ። ስትስብ ወዲያው አትነሣም፤ ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ይቆያል። ትዕግሥት የሌለው ሰው በዚያች ሰከንድ ፊኛው ላይ አየር ይጨምራል፤ ከዚያ ትንፋሹም ፊኛውም ተባብረው ይዘውት ይወጣሉ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ዕለት ይመዘገብ ነበር። እኔ ኮርሶችን ማጥናት ጀመርኩ።

የፓዲን ፒክ ፐርፎርማንስ ቦያንሲ አጠናሁ፤ 2 ጊዜ ጠልቀህ የሚያልቅ ነው። ከሌሎች አሰልጣኝ ድርጅቶችም የኤስኤስአይን ፐርፌክት ቦያንሲ፣ የቲዲአይን ኢንትሮ ቱ ቴክ፣ የዩቲዲን ኤሴንሻልስ አጠናሁ። ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ዋጋ፣ የቀኑ ብዛት፣ ርቀት፣ አሰልጣኙ ቪዲዮ ይቀርጻል ወይስ አይቀርጽም። ሠንጠረዡ እያማረ ሲሄድ ቀለም ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር ከመጥለቅ ይልቅ ያን ሠንጠረዥ ነበር የምወደው፤ ማታ ማታ ከፍቼ ሳየው የሠራሁ ሰው ያህል ይደክመኝ ነበር።

ክፋቱ፣ ሰው መጠየቅ ጀመረኝ። «አንተ ስለ ኮርሱ ታውቃለህ አሉ» ይሉኛል። አላውቅም አላልኩም። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ናፕኪን ላይ እየሣልኩ ስለ ረጅሙ ቱቦ፣ ስለ ትንፋሽ፣ 32 በመቶ ኦክስጅን ስላለው ናይትሮክስ አስረዳሁ። በእኔ ምክር ተመዝግበው፣ ወስደው፣ አልፈው የመጡ አሉ። አንዱማ ምስጋና አለብኝ ብሎ ምሳ ጋበዘኝ። ኮርሱን ወስዶ እንደሆነ የጠየቀኝ ግን የለም፤ እኔም ክትፎውን በላሁ።

በመጨረሻ፣ ጊዜ ሲገፋ፣ ፍሎሪዳ ላለ አንድ የፈንዳሜንታልስ አሰልጣኝ ጻፍኩ። ደብዳቤዬ ረጅም ነበር። ስለ ፊን ክብደት፣ ስለ ብረት ጀርባ ሰሌዳና ስለ አሉሚኒየሙ ልዩነት፣ ቱቦው ጥቁር ይሁን ወይስ ሌላ ቀለም ጠየቅሁት። መልሱ አጭር ነበር። የፈለግከው ቀለም ይሁን አለና የራሱን ጥያቄዎች ደረደረ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቅከው መቼ ነው? 275 ሜትር ሳታርፍ ከ14 ደቂቃ በታች ትዋኛለህ? በአንድ ትንፋሽ 15 ሜትር ከውሃ በታች ትሄዳለህ? ታጨሳለህ? ስትጠልቅ የተቀረጽከው ቪዲዮ ካለ ላክልኝ።

ካሜራዬ ተበላሽቷል አልኩት። ካሜራዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ባትሪው ሞልቶ ተቀምጧል።

ሦስት ሰው ሁናችሁ ብትመጡ ይሻላል፣ ልምምዱ የቡድን ነው አለኝ። እንግዲህ የዚህ ኑዛዜ ዋናው ኃጢአት እዚህ ጋ ነው። ቡድኑን ሳዋቅር የፈለግኩት ጥሩ ጠላቂ አልነበረም፤ ከእኔ የባሰ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ምርጫዬ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ነው፤ ውሃ ውስጥ እንደገባ አየሩን ጨርሶ የሚወጣ፣ ለእኔ ዓላማ የተስማማ ሰው። ችግሩ ድርጅቱ የሚያጨስ ሰው አለመቀበሉ ነው። ጓደኛዬ ተከራከረኝ፤ «ሺሻ እኮ ሲጋራ አይደለም! ጠይቅልኝ እስቲ።» አልጠየቅኩለትም፤ መልሱ ይታወቃል። ያዘንኩት ለሳንባው ቢሆን ምን ነበረበት፤ ያዘንኩት ለራሴ ነው።

አንዲት ነርስ ነበረች፤ ኮሌጅ ሳለች በዋና ትወዳደር የነበረች። ለእሷ አልነገርኳትም። ከሰው ሰምታ ደወለች።

«ወንድምዬ፣ ኮርስ እያዘጋጀህ ነው አሉ። ምነው ለኔ ደበቅከኝ?»

«ሥራ ይበዛብሻል ብዬ እኮ ነው።»

«የዕረፍት ቀኔን የምትቆጥርልኝ አንተ ነህ?»

ገባች። ስለዚህ ሦስተኛውን ሰው በጥንቃቄ መምረጥ ነበረብኝ። ጋሼን መረጥኩ። ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ማዕረጋቸው ዝቅተኛ ነበር፣ እኛ ግን «አድሚራል» እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ስድሳውን ተሻግሯል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ያለ መነጽር ሰዓታቸውን አያነቡም። እሳቸው ከጎኔ ካሉ እግሬን ማን ያይብኛል?

«ልጄ፣ ፈተና አለው?» አሉኝ።

«የለውም ጋሼ፣ እንዲያው መዝናኛ ነው።»

አባ ስግደት የሰጡኝ በተለይ ለዚህኛው ነው። አድሚራል በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደው የጤና ቅጹን አስፈርመው አመጡ። ከሁላችንም ቀድመው።

እኔ ደግሞ ዕቃ መግዛት ጀመርኩ። ይህም ዝግጅት ነው አልኩ። የብረት ሰሌዳ፣ ፊኛ፣ ቀበቶ፣ ረጅሙን ቱቦ፣ ከባድ የጎማ ፊን። ሳሎን ወለል ላይ ዘርግቼ ቀበቶውን ሳሳጥርና ሳስረዝም ሚስቴ ከኩሽና ብቅ አለች።

«ይሄ ነገር ውሃ ነክቶት ያውቃል?»

«ኮርሱ ላይ ይነካዋል።»

«ኮርሱ መቼ ነው?»

«እየተጠና ነው።»

«ቀበሌ ሆንክ እንዴ?» አለችና ተመልሳ ገባች።

ልክ ናት። ቀን መቁረጥ ማለት መታየት ማለት ነው፤ ስለዚህ ቀን አልቆርጥም ነበር። አንድ ጊዜ የአሰልጣኙ ቀን አልተመቸኝም አልኩ፣ ሌላ ጊዜ ዝናብ አመካኘሁ። ሊገቡበት ያሰቡት ውሃ ውስጥ ዝናብ ምን እንደሚያደርግ ማንም ባይጠይቀኝ ተመስገን። በመጨረሻ ነርሷ ሰለቻት። የሌሊት ተረኛ ሆና በስልኳ ከአሰልጣኙ ጋር ቀን ቆረጠች፣ ቤት ተከራየች፣ የታንክና የናይትሮክስ መሙያውን አስያዘች፣ ድርሻችንን በዜል ሰበሰበች። እኔ ወራት የፈጀሁበት ነገር በአንድ ሌሊት አለቀ። ጠዋት ግሩፓችን ላይ «ወንድምዬ ስለ ማስተባበርህ እናመሰግናለን» ብላ ጻፈች። ምጸት ይሁን የልቧን ትናገር ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ የልብ ምልክት ሰጥቼ አለፍኩት።

ለኮርሱ የሄድንባት ሃይ ስፕሪንግስ ሰሜን ፍሎሪዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ምንጭ ነው፤ ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ፣ በጋ ከክረምት 22 ዲግሪ የሆነ፣ እስኪገርም የጠራ ውሃ። ጊኒ ስፕሪንግስ በሚባለው ቦታ ያለ አንድ ሕግ ልቤን ነካው። የዋሻ ሥልጠና የሌለው ጠላቂ ወደ ዴቪልስ ምንጮች መብራት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። መብራት ከያዘ ጨለማው ውስጥ ትንሽ ገባ ልበል ማለቱ አይቀርም፤ መብራት ከሌለው ይመለሳል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው እኔን ያውቀኛል።

የ275 ሜትሩን ዋና ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ጨረስኩ። አድሚራል በጎናቸው ተጋድመው፣ በአንድ እጃቸው እየቀዘፉ፣ ከእኔ ቀድመው ወጥተው ፎጣ ይዘው ጠበቁኝ። ከዚያ ደረቅ ልምምድ መጣ። ሽርሽር የመጣው ቤተሰብ ሁሉ እያየን የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ እግሬን እያጠፍኩ፣ ቁርጭምጭሚቴን እያዞርኩ የእንቁራሪት አረጋገጥ ተማርኩ። ወንበሩ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ወንበር አይሰምጥም፣ አይንሳፈፍም።

ውሃ ውስጥ ጭንብል የማውለቁ ተራ ደረሰኝ። ጭንብሌን ሳወልቅ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ትንፋሼን ስቤ እይዛለሁ፤ ትንፋሼን ስይዝ እነሣለሁ። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። በጊዜው የታወቀኝ ቀበቶዬን አንድ እጅ ለቀም አድርጎ እንደያዘኝ ብቻ ነው። ጭንብሌን መልሼ ውሃውን በአፍንጫዬ ነፍቼ ሳወጣ አድሚራል ናቸው። በሆዳቸው ተጋድመዋል፤ ጉልበታቸው በዘጠና ዲግሪ ታጥፏል፤ ያ የሚያማቸው ጉልበት። በግራ እጃቸው እኔን ይዘው በቀኛቸው «ደህና ነህ?» የሚለውን ምልክት አሳዩኝ። ሌላ ነገራቸው አልተነቃነቀም። የእሳቸው ዘመን የባሕር ኃይል ልጅ ውሃ ላይ ከመረጋጋት ሌላ ብዙ ምርጫ እንዳልነበረው ማሰብ ነበረብኝ።

ማታ ቪዲዮው መጣ። አሰልጣኙ በጠለቅን ቁጥር ይቀርጽና ራት ላይ በትልቁ ስክሪን ያሳያል። ነርሷ ታየች፤ ወደ ኋላ ሄደች፣ ተመለሰች። አድሚራል ታዩ፤ ፎቶ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እኔ ታየሁ። በልቤ ተጋድሜ ነበር፤ እምላለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ግን ቆሟል። አንገቱ ወደ ላይ ተቀስሯል፣ እግሮቹ ወለሉን ይፈልጋሉ፣ ሁለት እጆቹ መገናኛ ላይ የመጨረሻዋን ሚኒባስ ለማስቆም በሚጣጣር ሰው ዓይነት ይወራጫሉ። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ዓሣ ነበረች፤ እሷም አግድም ናት። አሰልጣኙ አልሳቀም። ምስሉን አቁሞ በእርጋታ «እዚህ ጋ ምን ይሰማህ ነበር?» አለኝ።

«ሰላም» አልኩት። ነርሷ ከጠረጴዛው ተነሥታ ወጣች። ስትስቅ ከውጭ ተሰማን።

በሚቀጥሉት ቀናት አልተሻሻልኩም አልልም። ትንፋሼን ሳልይዝ ጭንብሌን አወለቅኩ። አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ሰከንድ፣ ሁሉ ነገር ቆመ፤ ወደ ታችም ወደ ላይም አልሄድኩም፤ ከሥሬ ያለው አሸዋ ቅንጣቱ ይታየኝ ነበር። በደስታ ነርሷን ላሳያት ዞር ስል ሄደ። ወደ ኋላ መሄድን በተመለከተ፣ ወደ ኋላ ስሞክር ወደ ፊት የሄድኩ ብቸኛው ተማሪ እንዳልሆንኩ አሰልጣኙ አጽናንቶኛል።

ውጤቱ አራት ዓይነት ነው፤ መውደቅ፣ በይደር መቆየት፣ በመዝናኛ ደረጃ ማለፍ፣ በቴክኒክ ደረጃ ማለፍ። ነርሷ በቴክኒኩ፣ አድሚራል በመዝናኛው አለፉ። እኔ በይደር ነኝ፤ 6 ወር ውስጥ ተለማምጄ ተመልሼ መታየት አለብኝ። ወደ ቨርጂኒያ ስንመለስ አድሚራል መኪናው ውስጥ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ፈተና የለውም ያልከኝ እውነትህን ነው፤ እኔም አልተሰማኝም» አሉ። ከኋላ ወንበር መልስ አልነበረኝም።

አሁን ቀኑ እየሄደ ነው። እኔ ፊኔ ከብዶ ይሆናል እግሬን የሚያወርደው ብዬ ቀለል ያሉ ፊኖችን እያወዳደርኩ ነው፤ አዲስ ሠንጠረዥ ተከፍቷል። የዋሻ ኮርስም መልከት አድርጌያለሁ፤ ለማወቅ ያህል ነው። ትናንት ማታ አረንጓዴውን ቀለም ስቀባ አድሚራል ደወሉ።

«ቅዳሜ ኳሪ ነን። ጠዋት በርህ ላይ እመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ ወቅቱ ገና ነው እኮ። የውሃውን ሙቀት ላጣራና ልደውልልዎት።»

«አጣርቼዋለሁ፤ 11 ዲግሪ ነው። ጓንትም ይዤልሃለሁ።»